ምነው በተሳሳትኩ

ዳንግላ ቀዶ ጥገና ስለማመድ የሆነውን ልንገራችሁ። አስተማሪዬ የነበሩት ዶክተር ወደ እንጅባራ በሄዱበት ቀን፣ ከታመመ ሁለት ቀን ያለፈውን አንድ ገበሬ ጠዋት በጋሪ አመጡት። ሆዱን እንደነካሁት ገባኝ፤ ቡአው አንጀቱን አንቆታል፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ይህንኑ ካርዱ ላይ ጽፌ ቁጭ አልኩ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ አይችሉም?» አለችኝ ሚስቱ።

«እችላለሁ። ግን ዶክተሩ ሳይፈቅዱ ስለት አንስቼ አላውቅም።»

እሷ እኔን፣ እኔ መንገዱን ስናይ ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውየው አረፈ። ዶክተሩ አመሻሽ ላይ ደርሰው ካርዱን አነበቡ። ከዚያ፣ «ልክ ነበርክ» አሉኝ።

ሚስትየዋ ሰምታ ኖሮ ወደ እኔ ዞረች።

«ከጠዋት ጀምሮ ያውቁት ነበር?»

ይኸው፣ ሸምግዬም «ምነው ያኔ በተሳሳትኩ» እያልኩ አለሁ።