በእንጦጦ ዳገት ላይ ስለተጠየቅነው የመጨረሻ ጥያቄ

የምስክር ስም፦ ማዕዶት ልደቱ ወንደሰን
ዕድሜ፦ 24
ሥራ፦ ከኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሠልጣኝ የሕግ ባለሙያ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ
ጉዳዩ፦ የአቶ ዘረሰናይ ጸሐዬ አሟሟት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበሉት፦ ምክትል ሳጅን ሰላማዊት ጠሀ

ቃሌን የምሰጠው ተጠርቼ እንጂ ተገድጄ አይደለም። ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ እናገራለሁ።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መገናኛ አካባቢ ቢሮ ላለው አንድ የጥብቅና ድርጅት የሠልጣኝነት ማመልከቻ አስገባሁ። ጥቅምት 15 ቀን የጽሑፍ ፈተና ወሰድኩ። ጥቅምት 27 ቀን በቢሮው የቃል ፈተና ተሰጠኝ። ኅዳር 1 ቀን ለመጨረሻው ዙር ማለፌ በስልክ ተነገረኝ። ያለፍነው እኔ፣ ሟች ዘረሰናይ ጸሐዬ እና ፉፋ ነገሳ ነን። የሚቀጠረው ግን አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ለሦስታችንም ተነግሮናል።

ከሟች ጋር በሕግ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት አብረን ተምረናል፤ ለመውጫ ፈተናም አብረን አጥንተናል። ተከራይቶ የሚኖረው ከቤታችን አጠገብ ነበር። አስም እንዳለበት አውቃለሁ። ለድርጅቱ አለመንገሩን ራሱ ነግሮኛል። ፉፋን የተዋወቅነው በፈተናው ነው።

ኅዳር 6 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ከቢሮው ፊት ለፊት ተገናኘን። የድርጅቱ ዋና ሸሪክ አቶ ተክለብርሃን ዓምደ ሚካኤል ከፊት ተቀመጡ፤ መኪናውን የሚነዱት አቶ ዱቤ ነበሩ። የመጨረሻውን ዙር ዳገት እያስወጡ መጠየቅ የድርጅቱ የቆየ ልማድ ነው። ሠራተኞቹ «ዳገቱ» ይሉታል። በመንገድ ላይ ሟች የፉፋን አዲስ ጫማ አይቶ «በዚህ ጫማ ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አታልፍም» አለው። ፉፋም በባዶ እግሩም ቢሆን እንደሚቀድመው መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን።

ከየካ ሚካኤል በላይ አስፋልቱ በሚያልቅበት ቦታ መኪናው ቆመ። አቶ ተክለብርሃን ስልክና ቦርሳ መኪና ውስጥ እንድንተው አዘዙ፤ ሕጉን በጭንቅላቱ ያልያዘ ከአሁኑ ይመለስ አሉ። ሟች ከቦርሳው የጎን ኪስ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት በከፊል አወጣ። አቶ ተክለብርሃን ወደ እሱ ዞር ሲሉ መልሶ ከተተውና ቦርሳውን ከኋላ ወንበር ሥር አስገባው። አጠገቡ ተቀምጬ ስለነበር ይህን አይቻለሁ።

ከወረድን በኋላ አቶ ተክለብርሃን እንዲህ አሉን፦ «እዚህ ላይ ጓደኛ የሚባል የለም። አንዳችሁ ለሌላችሁ ተቃራኒ ወገን ናችሁ። ሳልጠይቀው ለተቃራኒ ወገን አፉን የሚከፍት ጠበቃ አልቀጥርም።»

በባሕር ዛፉ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ መውጣት ጀመርን። ስለ ውል፣ ስለ ይርጋ እና ስለ ማስረጃ ተጠየቅን። ሟች ከሁላችንም የተሻለ ይመልስ ነበር፤ ይህን የምለው ስለሞተ አይደለም። ስለ ይርጋ ሲመልስ ግን ሳል አቋረጠው። አቶ ተክለብርሃን «ዳኛ ፊትም ትንፋሽ አጠረኝ ብለህ ቀጠሮ ልትጠይቅ ነው?» አሉት። ሟች ፈገግ ብሎ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። (ቃሌ ሲነበብልኝ «ወደቀ» ተብሎ ተጽፎ ስለነበር «ተቀመጠ» በሚል እንዲስተካከል ጠይቄ ተስተካክሏል። የወደቀው በኋላ ነው።) ደረቱ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር። መኪናው ከቆምንበት ቦታ ይታያል። ሟች እኔን እያየ በእጁ ወደ መኪናው አመለከተ።

አቶ ተክለብርሃን «ምስክር በምልክት አይናገርም። የምትለው ካለህ በቃል ተናገር» አሉት። ሊናገር ሞከረ፤ ቃል አልወጣውም። ወደ እኛ ዞረው የሚከተለውን ጠየቁ፦ «አንድ መንገደኛ ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጧል። አብረውት ያሉት የመርዳት ግዴታ አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ማዕዶት፣ አለባቸው ብለሽ ተከራከሪ። ፉፋ፣ አንተ የለባቸውም ትላለህ።»

እኔ ተከራከርኩ። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 575 ጠቅሼ፣ ከባድና ቅርብ አደጋ መኖሩን፣ ረዳቱ በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት መርዳት መቻሉን፣ አለመርዳቱም ታስቦ የተደረገ መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳሁ። እየተናገርኩ ሳለ ሟች በጎኑ ወደቀ። አቶ ተክለብርሃን እስክጨርስ አዳመጡኝና «አሳምነሽኛል» አሉ። ከዚያም ፉፋን እንዲቀጥል አዘዙት።

ፉፋ «አቶ ተክለብርሃን፣ ልጁ እየሞተ ነው» አለ።

እሳቸውም «ጥያቄውን እየመለስክ ነው ወይስ እያሻሻልክ?» አሉት።

ፉፋ ሄዶ የሟችን ከረቫት ፈታ፤ በጀርባውም አዘለው። በአጠገቤ ሲያልፍ «ማዕዶት፣ ምን ሆኖ ነው? የምታውቂው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አቶ ተክለብርሃን ይመለከቱኝ ነበር። ፉፋ ጥቂት ቆሞ ጠበቀኝና ቁልቁል ሮጠ። በመንገዱ ላይ አንደኛው ጫማው ወልቆ ቀረ።

አቶ ተክለብርሃን «እንቀጥል» አሉኝ። ስለ ይግባኝ ጊዜ ጠየቁኝ፤ በትክክል መለስኩ። መኪናው ሲነሳ ከላይ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ከፉፋ የሰማሁት ነው። አቶ ዱቤ ወደ ሆስፒታል እየነዱ ሳለ ሟች ከመድረሱ በፊት በፉፋ ጭን ላይ ሞተ። ቦርሳው ከእግራቸው ሥር ነበር። ፉፋ ከፍቶ መድኃኒቱን ያየው የሟችን መታወቂያ ሲፈልግ ነው።

ኅዳር 8 ቀን መቀጠሬ በስልክ ተነገረኝ። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ምን ብዬ ቃል እንደምሰጥ ድርጅቱ ነግሮኝ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ማንም አልነገረኝም ብያለሁ። መድኃኒቱ ቢደርስለት ይተርፍ እንደነበር ተጠይቄ፣ የሕክምና ባለሙያ ስላልሆንኩ አስተያየት ለመስጠት እንደማልችል ገልጫለሁ።

የተጻፈው ሁሉ ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ ከማንም በተሻለ አውቃለሁ።

ከመፈረሜ በፊት መርማሪዋ ሟች በእጁ ያመለከተው ምን እንደሆነ ገብቶኝ እንደነበር ጠየቁኝ። ገብቶኝ ነበር። ለአቶ ተክለብርሃን አልተናገርኩም። ፉፋ ሲጠይቀኝም አልመለስኩለትም።

የምስክር ፊርማ፦ ማዕዶት ልደቱ
የመርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሰላማዊት ጠሀ