ለዓሣ ድፎ ዳቦ የሰጠሁ ለታ

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዓሣ ከፍሪጅ አይወጣም፤ ወንዝ ተወርዶ ድንጋይ ተገልብጦ ነው። ያቺን አያታችሁ ጓዳ ቁጭ ብላ የምታጥባትን አይታችኋታል? ጣት የምታክለዋን? ድንጋይ ጠቢ እንላታለን። አፏ ከሥር ነው፣ በሱ ድንጋዩ ላይ ልጥፍ ትላለች፣ ጎርፍ አይነቅላትም። ታዲያ እንዴት ትያዛለች በሉኝ። በሉኛ! እኔ ከመንዝ የመጣሁ ሰው፣ ምኑን አውቄው፣ በጅራቷ ይዤ ስጎትት፣ ስጎትት፣ እሷ እንቢ፣ እኔም እንቢ፣ አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ያዩኛል። አማርኛቸው አጭር ናት፤ "ተው" አሉኝ፣ "በግ አይደለችም። ወደ ፊት ግፋ።" ወደ ፊት ገፋ ሳደርጋት ለቀቀች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አማቼ አልኩ እንጂ ያኔ ገና አማቼ አልሆኑም። እኔ ቴፒ ቡና ልማቱ ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ፣ እሳቸው ደግሞ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ቤታቸው፣ አያታችሁ አልማዝ የእሳቸው ልጅ፣ እና ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው "ልጁ ራሱ ይምጣ፣ ወንዝ አብረን እንወርዳለን ብለዋል" አሉኝ። ደስ አለኝ! እንኳን ወንዝ ገደል ቢሉኝም እወርዳለሁ።

ታዲያ ወረድን፣ አንዱን የወንዙን ክንፍ በድንጋይና በኮባ ቅጠል ዘጋን፣ ውሃው ሲጎድል ድንጋይ እያነሳን ለቀምን፣ ቅል ሙሉ ሆነ። እናቷ ተቀበሉን። የእሳቸውን እጅ ብታዩ! ዓሣዋን በአመድ አሸት አሸት፣ ሙልጭልጩ ይለቃል፤ ሆዷን ሰንጠቅ፣ አንጀቷን መዘዝ፤ የምትበላው የድንጋይ ላይ አረንጓዴ ነውና ሆዷ ጭቃ ነው፣ ካደረ ሥጋው ጭቃ ጭቃ ይላል። ሐሞቷን እንዳታፈርጡ፣ አንዷ ከፈረጠች ሁሉንም ነው የምታመርረው። ከዚያ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ በኮባ ቅጠል ጥቅልል፣ ረመጥ ውስጥ ቅብር። ሽታው ሲመጣ ሆዴ ጮኸ፣ አልዋሽም። ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ፊቴ ቀረበ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም።

ሁዳዴ ነዋ! የሁዳዴ እኩሌታ!

"ብላ" አሉ አባትየው።

"አባቴ፣ ጾም ነኝ።"

"ዓሣ ነው። ሥጋ አይደለም።"

"የሚበላ አለ። እናቴ ግን አትበላም፣ እኔም በልቼ አላውቅም።"

በዚያ አገር፣ ልብ በሉ፣ አብሮ የያዙትን ዓሣ አልበላም ማለት ቤታችሁን አልፈልግም ማለት ነው። አልማዝን ቀና ብዬ አየኋት፣ መሬት መሬት ታያለች። አለቀ፣ አልኩ በሆዴ፣ በአንድ ጉርሻ ልጅቷን አጣኋት።

አባትየው "መቼ ትበላለህ?" አሉ። "ፋሲካ" አልኩ። ተነሱ፣ ቅሉ ውስጥ በሕይወት የቀሩትን ይዘው ወንዙ ዳር ወሰዱኝ፣ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ኩሬ አለች፣ ውሃ በአንድ በኩል ይገባል በሌላው ይወጣል፣ እዚያ ለቀቋቸው። አሥራ አንድ ናቸው። "ያንተ ናቸው" አሉኝ፣ "ጠብቅ። ፋሲካ እነዚህን ትበላለህ። ከሌሉ፣ ልጅም የለም።"

እና ጠበቅሁ። በየእሁዱ ከቴፒ በእግሬ! ይቆጠራሉ፣ አሥራ አንድ። ድንጋዩን በአፋቸው እየጠቡ ሽቅብ እንደሚወጡ ያየሁ ቀን ደንግጬ ዙሪያውን በጭቃ መረግሁት። አልማዝ ውሃ ልትቀዳ ትመጣለች፣ "ደህና ናቸው?" ትላለች፣ "ደህና ናቸው" እላለሁ፣ ከዚህ ሌላ አንነጋገርም፣ ግን እንስራዋ ቶሎ አይሞላም ነበር።

ታዲያ የፋሲካ ዋዜማ ሄድኩ። ያከራየችኝ ሴትዮ ለበዓሉ ድፎ ደፍታ ግማሹን ሰጥታኛለች። ዓሣዎቹን አየሁና አንጀቴን በሉት። ወር ሙሉ አንድ ነገር ሳይቀምሱ! እኔ ማታ ልፈታ ነው፣ እነሱስ? "እናንተም ፍቱ እንጂ!" ብዬ ድፎውን ፈርፍሬ ፈርፍሬ በተንኩላቸው። አትሳቁ! ደግሞ በዋዜማው እንዳያመልጡኝ ብዬ ውሃው የሚገባበትንም የሚወጣበትንም በጭቃ ደፈንኩ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድሬ በጠዋት ስደርስ ውሃው ሸትቷል። አሥራ አንዱም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ።

ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቃችሁ። አልማዝ መጣች፣ አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀስ ብላ "ወንዙ እኮ እዚህ ነው" አለችኝ፣ "አሥራ አንድ ያዝና ግባ። ማን ይለየዋል?" እውነቷን ነው፣ ማንም አይለየውም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ውሃው ውስጥ ገባሁ፣ አንዷንም ያዝኩ፣ መልሼ ለቀቅኋት። አባትየው "እነዚህን" ብለዋላ! የሞቱትን በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩና ይዤ ገባሁ፣ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።

"ምን አበላሃቸው?" አሉኝ።

"ዳቦ።"

"ምን?"

"ድፎ ዳቦ። ጾም መስለውኝ።"

እናትየው በሸኮኛ አንድ ነገር አሉ፣ እኔ አልሰማው። እሳቸው አማርኛ አያውቁም። አልማዝ ቀና ብላ ተረጎመችልኝ፤ "እናቴ፣ ለዓሣ ዳቦ የሚሰጥ ሰው ልጄን አያስርባትም ብላለች" አለች። በዚህ ጊዜ አባትየው ሳቁ፣ እንዲህ ሆዳቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፣ ከዚያ ቅሉን አንስተው "ና፣ ወንዝ እንውረድ" አሉኝ። የዚያን ዕለት ፋሲካዬን በዓሣ ፈታሁ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ እስከ ዛሬ የለም። እኔ እኮ አማቴ ባይናገሩልኝ ኖሮ ይሄኔ መንዝ ነበርኩ። ጥሩ ሰው ነበሩ፣ እግዜር ይስጣቸው።

[አያታችን ከጓዳ፦ "እናቴ እንደዚያ አላለችም።"]

እንዴ? ታዲያ ምን አሉ?

["'ይሄ ሞኝ ነው፣ ወደ አገሩ ይሂድ' ነው ያለችው።"]

አንቺ! ይሄን ሁሉ ዘመን! አባትሽ እዚያው ቁጭ ብለው እየሰሙ?

["አባቴማ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ታዲያ በምን የሳቀ መስሎህ ነው?"]