የታጠበው ናፍጣ

አዛውንቱ ሞተረኛ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲስሉ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ በዚያ ስታልፍ ድንገት አየቻቸው። በነዳጅ ማጣሪያ የምትሠራ ኬሚስት ናት። ከአባቷ ቀብር ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ተያይተው አያውቁም።

«አጎቴ! እንደምን ከረሙ?»

«አለሁ ልጄ፣ መኖር ካሉት።» በአገጫቸው ወደሚያጓራው ሞተር ጠቆሙ። «የቀረኝ ወዳጅ እሱ ነው። እሱንም ጎረቤቱ በጭሱ ተማሮ፣ ይዘጋ ብሎ ፈርሞበታል።»

ልጅቷ ከማርሚታው የሚወጣውን ጥቁር ጭስ አየች። «ጥፋቱ የሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ናፍጣውም አለበት። አሮማቲክ የሚባለው ነገር ሲበዛበት አጥርቶ አይነድም፤ ጥላሸት ይተፋል። እኛ አሁን እያጠብን እናወጣለታለን።»

«ናፍጣ በምን ሳሙና ይታጠባል? በሬ ወለደ ብትይኝ ይሻላል!» ሳቃቸው ሳል ሆነ።

«ነገ አመጣልዎታለሁ፤ ይዩትና ይፍረዱ።»

ብቻውን የኖረ ሰው ክርክር እንኳ ይናፍቃልና፣ በማግስቱ በጉጉት ጠበቋት። የታሸገ ጠርሙስ አምጥታ ናጠችና አስቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ናፍጣው፣ ከታች ቢጫ ፈሳሽ ተለይተው ታዩ።

«የታችኛው አሟሚ ነው፤ ከናፍጣው ጋር አይዋሃድም፤ አሮማቲኩን ግን መርጦ ይስባል።»

«ደህናውንስ አብሮ አይወስድም?»

«ጥቂት ይወስዳል፣ አልዋሽዎትም። አሟሚውን ግን በሙቀት አንጥረን መልሰን እንሠራበታለን። ናፍጣው ላይ የቀረውንም በውሃ እናለቅልቃለን።»

ቀጥሎ ሞተሩን በቀድሞው ናፍጣ አስነሥተው ነጭ ጨርቅ ከማርሚታው ፊት ያዙ፤ ከሰል መሰለ። ከማጣሪያው በጀሪካን ባመጣችው የታጠበ ናፍጣ ሲደግሙት ሌላው ጨርቅ ግራጫ ብቻ ሆነ።

«ንጹሕ አይደለም» አሉ አዛውንቱ።

«አይደለም። ጭስ ምንጊዜም ጭስ ነው፤ በሩን ከፍተው ይሥሩ፣ ደረትዎንም ይታዩ።»

ሁለቱን ጨርቆች አጣጥፈው ያዙ። «ፍጹም ነው ብትይኝ አላምንሽም ነበር። አሁን አምኛለሁ።»

ከወር በኋላ ወፍጮ ቤቱ በታጠበው ናፍጣ ይሠራ ጀመር። ሞተሩ ቶሎ ይነሣል፤ ጥላሸት ለመጥረግ ዘወትር መፍታት ቀረ፤ የሰፈሩም አየር ቀለለ። ያወቀ ላላወቀ መንገር አለበትና፣ አዛውንቱ ሁለቱን ጨርቆች ይዘው የፈረሙትን ሰዎች ደጅ ማንኳኳት ያዙ።

አንዲት ጎረቤት «ቆመውማ አይሆንም፣ ይግቡ» አለቻቸው።

በሰው ቤት ከተቀመጡ ስንት ዘመናቸው! ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን የሚያኖሩበት ጠፍቷቸው፣ «የወንድሜ ልጅ አንድ ነገር አስተማረችኝ» ብለው ጀመሩ።