በሥሩ ምሳ የበላችሁበት ተራራ

ብዙ ማውራት እንደማልወድ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ግን ጋሼን በጡረታ የምንሸኝበት ቀን ነውና ታገሡኝ።

ጋሼ ወደዚህ ቤተ መዘክር የመጡ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክመው ነበር። ዘበኛው በር ላይ አስቆማቸው።

«ምንድን ነው የያዙት?»

«እግር ነው።»

«የማን እግር?»

«የካሜራ።»

«እስቲ ይፍቱት» አላቸው። ሦስቱም እግሮች ሲዘረጉ በሩን ዘጉትና ሠራተኛው ሁሉ ውጭ ቀረ። ይኸው «ሦስት እግር» እንደተባሉ ቀሩ። ኧረ ጋሼ፣ እንዳልሰሙ አይሁኑ! ስሙን ያወጣችው ሒሳብ ሹሟ ናት፤ እኔ የለሁበትም።

እሷንም አልማሯትም። አምና ለፎቶ አሰልፈውን «ወደ ኋላ በይ... ትንሽ ደግሞ» ሲሏት የአበባው መደብ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች። ጋሼ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሡ «ጥሩ ነው፣ እዚያው ሁኚ» አሉ።

ከመቶ ዓመት በፊት ያን ሩቅ ምድረ በዳ ያቋረጠው አሳሽ በመስታወት ላይ ያነሣቸው ፎቶዎች እኛ ዘንድ አሉ። ጋሼ እሱ በቆመበት እየቆሙ፣ ጥላው እንደ ድሮው እስኪወድቅ እየጠበቁ፣ ያንኑ ስፍራ እንደገና ሲያነሡ ኖሩ። ሾፌራቸው ባለቤቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። «ሦስት እግር ጥላ ሲጠብቅ፣ እኔ መኪናው ሥር የዓመት እንቅልፌን ተኛሁ» ይለኝ ነበር።

ሁሉም ስፍራ ተገኘ፤ ሁለት ጫፍ ያለው ተራራ ብቻ ጠፋ። ስንቴ ተመላለሱ! «ተራራ እንዴት ይጠፋል?» እያሉ ፎቶ የማጥብበት ጨለማ ክፍል ድረስ መጥተው ይነጫነጩብኝ ነበር። ባለቤቴም ሳያየው ሞተ።

ባለፈው ሳምንት ክፍላቸውን ሲያስረክቡ የዚያን ተራራ መስታወት ወደ መስኮቱ አነሡት። ገለበጡት። በወረቀት ከታተመው ፎቶ ጋር አስተያዩት። ለካ ያኔ ፎቶውን ያተመው ሰው መስታወቱን በተሳሳተው ፊት አስተኝቶት ኖሯል! ያን ሁሉ ዘመን ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ እያልን ነው የፈለግነው።

«እቱ፣» አሉኝ፣ «ይህን ተራራማ አውቀዋለሁ። ከባልሽ ጋር በሥሩ ምሳ በልተናል እኮ!»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ጉልበታቸውን ዳበስ አድርገው «አሁንማ አለፈኝ፤ ይቅር» አሉ።

አይቀርም ጋሼ። ይኸው፣ በትክክለኛው ፊቱ አትሜዋለሁ። ሰኞ ጠዋት መኪናው በር ላይ ይቆማል። ሦስቱን እግር ሒሳብ ሹሟ ትሸከማለች፤ «ወደ ኋላ በይ አይበሉኝ እንጂ እሄዳለሁ» ብላለች።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በየጠዋቱ በሬን አንኳኩተው «አለሽ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላለሁ፤ ይሄዳሉ። ሌላ ቃል አንነጋገርም። እኔን በእግሬ ያቆመኝ ግን ያ «አለሽ?» ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ድሮ ለጉዞ ስትነሡ ባለቤቴ በመኪናው ጥሩንባ ይጠራኝ ነበር። ለድንጋይ ብሎ ጥሎኝ ሄደ እያልኩ፣ ተቆጥቼ ከቤት አልወጣም። አንድም ቀን ቆሜ አልሸኘኋችሁም። ሰኞ በሩ ላይ እቆማለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና፣ ጉልበትም ጨምሮ ይስጥዎት። እዚያ ደርሰው ካሜራውን ሲተክሉ፣ ከጎንዎ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ለባለቤቴ ይተዉለት።

ለጤናዎ!