ከሳንጃ የሚመጣው ዋጋ

አራዳ ያለው የግል ኮሌጃችን በሩ ላይ «የፈጠራ ማዕከል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ኢንተርኔቱን ግን ረስቶታል። የመመረቂያ ሥራዬ የሳንጃን የሰሊጥ ዋጋ በየሰዓቱ የሚያሳይ መተግበሪያ ነው። ላቀርብ ስቆም ኔትወርኩ ጠፋና ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ብቻ ትዞር ጀመር። ፈታኞቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ የእኔ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ሊያየኝ ከሳንጃ የመጣው ገበሬው አባቴ ከኋላ ሆኖ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?» አለኝ።

«ዋጋው ከሳንጃ እስኪመጣ ነው፣ አባባ።»

በላስቲክ የታሰረች ስልኩን አውጥቶ አንድ ነጋዴ ጋ ደወለና የዕለቱን ዋጋ ጮክ ብሎ ነገረን። ፈታኞቹ ጻፉ፤ እኔም አለፍሁ። ቀጥላ የወጣችው ልጅ ሥራዋ የደባርቅን የአየር ጠባይ የሚናገር መተግበሪያ ነበር። ዋናው ፈታኝ ላፕቶፗን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ አባቴን ጠየቀው፦ «አባት፣ ደባርቅስ የሚያውቁት ሰው አለ?»