የሦስቱ ድመቶች ራትና የገለጉ መንገድ

የጥቁሯ ድመት የአንገት ክር መላላቱን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ልጄ የትናየት ባል አግብታ ወደ ገለጉ ስትሄድ በልኳ አስራላት ነበር። ሦስቱም ድመቶች ከአንድ ሳህን ስለሚበሉ፣ ሻምበል የምንለው ወንዱ የሁሉንም ድርሻ እየጠራረገ አክስቷታል። ክሩን እንደያዝሁ፣ ልጄንስ ማን ያበላት ይሆን ብዬ ፈራሁ። የመጀመሪያ ልጇን መውለጃዋ ደርሷል፤ «እማዬ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ነይ» ካለችኝ ሰንብታለች።

በማግሥቱ ገበያ ስወጣ የጎረቤቴን የመጂዳን ልጅ ፈሀድን መንገድ ላይ አገኘሁት። ጎንደር ተምሮ የተመለሰ፣ መተማ ላይ የሶላር ዕቃ የሚሸጥ ጨዋ ልጅ ነው።

«እማማ ሀብትነሽ፣ ገለጉ አልሄዱም እንዴ?»

«ድመቶቹን ለማን ትቼ? እነሱ ከሌሉ አይጥ ሰሊጡን ይጨርሰዋል። ሳህን ሞልቼ ብሄድ ደግሞ ሻምበል ባንድ ቀን ይውጠዋል።»

«ሻምበልማ ማዕረጉን ያውቃል» ብሎ ሳቀ። «ሱቄ ውስጥ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያበላ ማሽን አለ።»

«መብራት ሲጠፋስ? ጉንዳን ቢወረውስ? እግራቸውን ቢይዝስ?»

«ማሽኑ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ግን ሦስት ጊዜ ገደሉብኝ። በባትሪ ይሠራል። ክዳኑ ይገጥማል፤ ጉንዳንም እግርም አይገባበትም። በዚህ ሙቀት እርጥብ እንጀራ ወዲያው ይኮመጥጣል፤ ድርቆሽና ደረቅ ዓሣ ግን ይቆያል። ሁለት አፍ ስላለው ሻምበልን ሰሊጥ ቤት፣ ሁለቱን ሴት ድመቶች ማድ ቤት ለይተን፣ ለአንዱ አፍ በመካከሉ ግድግዳ ቀዳዳ ቱቦ እናሳልፋለን። ውሃውን እኔ ጠዋት ጠዋት እቀይራለሁ።»

ለሁሉም መልስ ነበረው። ለእኔ የቀረኝ አንድ ፍርሃት ብቻ ነበር።

«ማሽኑን ለምደው እኔን ቢረሱኝስ?» አልሁት። «የትናየት ናት ያሳደገቻቸው። ርቧቸው እግሬ ሥር ሲመጡ እሷ ጓዳ ያለች ይመስለኛል።»

ፈሀድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ድመቶቹ የሚሹት ምግባቸውን በሰዓቱ ነው። እርስዎን የምትሻው እሷ ናት። የእሷን ወገብ የሚያሽ ማሽን ደግሞ እኔ ሱቅ የለም።»

ማሽኑን ገዛሁና ከመሄዴ በፊት ጥቂት ቀን ቤት ሆኜ ፈተንሁት። መጀመሪያ በልማዴ ፍትፍት ጨምሬበት አፉ ተደፈነ፤ ፈሀድ «ለሙሽራ ነው ያበሰሉት?» እያለ ጠርጎ ድርቆሽ ሞላው። ጥቁሯም ማንም ሳይገላምጣት በላች። ደካማ ድርሻውን እንዲያገኝ ጉልበተኛውን መለየት እንደሚበቃ፣ ምግብም በልክ ሲሰጥ እንደማይባክን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ቤት ጠባቂ ሆኜ መቅረቴም ለድመቶቹ ያን ያህል እንዳልጠቀመ ገባኝ።

የተሳፈርሁበት አይሱዙ ቀኑን ሙሉ አንገላታኝ። መንገዱ ሁሉ ሳልደርስ የወለደች፣ የታመመች እየመሰለኝ ሄድሁ። ገለጉ ስደርስ ግን የትናየት ሆዷን ይዛ ደጅ ቆማ ነበር።

ራት ላይ ፈሀድ ደወለ። «ሦስቱም በልተዋል። ሻምበል ብቻ አኩርፏል።»

የትናየት ሳቀችና ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣለች። «ለነሱ ብለሽ ቶሎ ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም። አንቺ እስክትጠነክሪ እዚሁ ነኝ።»

በሩን ልዘጋ ስነሣ ከለከለችኝ። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣችና «እንዳታመልጪኝ» እያለች በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።