የመልካሳ ሽቦና የአዋሽ ሙላት

«የስልኩ ሽቦ ዝናባችንን እየጎተተ ወደ ላይ አገር ይወስደዋል» የምትለውን ወሬ ኦቦ ሰንበታ በገበያም፣ በለቅሶ ቤትም፣ ጆሮ ላለው ሁሉ ነግረዋል። በ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ሲጋመስ መልካሳ አንድ ጠብታ አላየችምና የሚያምናቸው አላጡም።

አንድ ቀን ልጃቸው ነገሪ አርባውን ከብት ለሣር አዋሽን ሊያሻግር ነድቶ ቀደመ። እሳቸው ከኋላ ሲከተሉ ሮማነወርቅ ከስልክ ቤቱ እየሮጠች ወንዙ አጠገብ መንገድ ላይ ገጠመቻቸው። የስልከኛው የኃይለየሱስ እኅት ናት፤ ወንድሟ በወባ ከወደቀ ወዲህ ስልኩን የምታነሳው እሷ ነበረች።

«ኦቦ ሰንበታ፣ ከብቱን ያስቁሙ! አሁን ከሞጆ ተደውሎ ነበር። ላይ አገር ከትናንት ጀምሮ ይጥላል፤ ሙላቱ ወደ አዋሽ ገብቷል።»

«መጀመሪያ አካም ጅርቱ ተብሎ ሰላምታ አይሰጥም እንዴ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው። «ሰማዩን እዪው፣ ጥርት ያለ ነው። ከአዋሽ ጋር ስድሳ ዓመት ኖሬአለሁ።»

«ሰማዩ የመልካሳ ነው፤ ውሃው ግን የሞጆ ነው።»

«ሽቦ ቀዳዳ የለው፣ ቃል በየት ያልፋል?»

«የክራር ጅማትስ ቀዳዳ አለው? ድምፁን ግን ሠርገኛው ሁሉ ይሰማዋል።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ምላስሽስ ተስሏል! ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ወንድሜ ሲያጠና ፊት ለፊቱ ጥጥ እየፈተልኩ ፊደሉን እንደተዘቀዘቀ ለየሁት። ይልቅ እርስዎ ሞጆ መልእክተኛ ልከው ስንት ቀን ይጠብቃሉ? ውሃውስ መልእክተኛዎን ይጠብቃል?»

«መልእክተኛ ሲዋሽ ዓይኑ ይነግረኛል። ፊቱን ያላየሁትን ሰው እንዴት ልመን?»

ሮማነወርቅ ቀረብ ብላ ቆመች። የማያውቁትን መጠርጠር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጠርጥሮ ሳይመረምሩ መቅረት ነው።

«እንግዲያው የእኔን ዓይን ይዩ» አለች። «የዚህች ግራር ጥላ እዚያ ድንጋይ እስኪደርስ ከብቱን ያቆዩ። ውሃው ካልመጣ ሽቦውን በገዛ እጄ ቆርጬ እሰጥዎታለሁ።»

ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ሽቦው ወደሚያልፍበት ኮረብታ ሰረቅ አድርገው አዩ፤ ወዲያው ዘንጋቸውን አነሡ። «ነገሪ! መልስ! ከብቱን መልስ!»

ነገሪ ከፊተኛው በሬ ጋር እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ ነበር፤ እያጉረመረመ ተመለሰ። ጥላው ድንጋዩ ዘንድ ሳይደርስ አዋሽ ደፍርሶ፣ ግንድና የጎጆ ክዳን ተሸክሞ፣ በጠራ ሰማይ ሥር እያገሳ መጣ። ማሻገሪያው ከዓይን ጠፋ።

«ልጄ ውስጡ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«ቀዳዳውን አገኙት?» አለች ሮማነወርቅ።

«አገኘሁት፣ ልጄ። ከእንግዲህ ሞጆ ሙላት ሲልሽ ቀይ ጨርቅ ስቀዪ፤ ያን ያየ እረኛ ወንዝ አይገባም። አሰላ ገበያ የከብት በሽታ ሲነሣም ወደ በሬዎቻችን ሳይጋባ በሽቦው እንሰማለን። ያንን የዝናብ ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ሽቦውን በየተራ እንጠብቀዋለን።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ጎረቤታቸው ጆቴ ከኮረብታው ወረደ፤ ትከሻው ላይ ጥቅል ሽቦ አንጠልጥሏል።

«ኦቦ ሰንበታ፣ ጠዋት ያዘዙኝን ፈጽሜአለሁ። የሞጆውን ሽቦ ቆረጥኩት!» አለ በኩራት።

የሽማግሌው ዘንግ ከእጃቸው ወደቀ። «መቼ?»

«ይህች ልጅ ከስልክ ቤቱ ስትሮጥ ከላይ ሆኜ አይቻት ነበር» አለ ጆቴ። «የቆረጥኩት ልክ ያን ጊዜ ነው።»